የጎደለችው ሦስት

የሒሳብ መምህሩ ወልደሥላሴ ማጅራቱን ተመትቶ ሞቶ የተገኘው ከሰሌዳው ሥር ነው። ከራሱ በላይ የ(3x + 1)⁴ ሁለተኛ ዴሪቬቲቭ እስከ መጨረሻው መስመር ተሠርቶ ይታያል።

ሬሳው ከተነሣ በኋላም ኢንስፔክተር ዘሪቱ ከሰሌዳው ፊት አልተነቃነቀችም። የሴቻ ሰፈር ሰማይ ጠቁሮ ክፍሉን አጨልሞታል። ውጭ ዘበኛው ጋሽ ደበሌ በካቴና ታስረዋል፤ ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤት ይቀርባሉ። የዘበኛ ነገር ሆነና፣ ጥፋተኛ ሲፈለግ ቅርብ የሚገኘው እሱ ነው።

«ጥያቄውን ከመጽሐፍ የመረጥኩት እኔ ነኝ» አለች ርዕሰ መምህርቷ እሌኒ። «የታሪክ መምህር ነኝ፤ መልሱን አላውቅም። ትናንት ዐሥር ተኩል ላይ ለነገ ሰሌዳው ላይ እንዲሠራው በመምህር ክንፉ ላክሁለት።»

ክንፉ የ‹ለ› ክፍል የሒሳብ መምህር ነው፤ ሟቹ የ‹ሀ› ክፍል ነበር። «ሰጠሁት፤ እሠራዋለሁ አለኝ። ከዚያ ከእሌኒ ጋር ወጥተን ሚኒባስ ተሳፈርን።»

«ስትወጡ በሕይወት ነበር ማለት ነው?»

«ሬሳ ሒሳብ አይሠራም» አለ ክንፉ ወደ ሰሌዳው እያመለከተ።

ከእነሱ በኋላ ከሟቹ ሌላ ግቢው ውስጥ የቀሩት ደበሌ ብቻ ናቸው። «ከደጋው ከጨንቻ ወርጄ ዐሥራ ስምንት ዓመት በር ጠበቅሁ» አሉ። «ሰው አልነካሁም፣ ልጄ።»

ዘሪቱ የሟቹን መሳቢያ ፈተሸች፤ ከዚያ ያንኑ ጥያቄ ለሁለቱም ክፍል ተማሪዎች ሰጠች።

ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው፤ ደበሌንም ጭምር።

«‹ሀ› ክፍል የሟቹ ተማሪዎች ናቸው። አብዛኞቹ ከቅንፉ ፊት 108 ብለዋል፤ የተሳሳቱትም በየራሳቸው መንገድ ነው የተሳሳቱት። የ‹ለ› ክፍል አርባ ሁለት ተማሪዎች ግን ሁሉም 36 አሉ። ሰሌዳውም 36 ይላል።»

እሌኒ ወደ ሰሌዳው ዞረች።

«ቼይን ሩል የሚባለው ደንብ ዴሪቬቲቭ በወሰድን ቁጥር የቅንፉን ውስጥ ዴሪቬቲቭ፣ እዚህ ሦስትን፣ አባዙ ይላል። በመጀመሪያው ዙር አባዝተዋል፤ በሁለተኛው ዘለሉት። አንዷን ለምን ብላት ‹ውስጡ አንዴ ከወጣ ወጣ ነው፤ ቲቸር ክንፉ ነው ያስተማረን› አለችኝ።»

«ይሄ ምን ያረጋግጣል?» አለ ክንፉ።

«ወልደሥላሴ ይህን ስሕተት አይሠራም። መሳቢያው ውስጥ እንዳገኘሁት፣ የተማሪዎችዎን ወረቀት በቀይ አርሞ ‹ለእሌኒ ይነገር፤ ከፈተናው በፊት እንደገና ይማሩ› ብሎ ጽፎበታል። ጥያቄውን ይዘው ሲገቡ ነገረዎት፤ እርስዎም መቱት። ከዚያ በሕይወት የቆየ እንዲመስል ራስዎ ሠሩት። ጥያቄው የደረሰው በእርስዎ እጅ ብቻ ነው።»

ነጎድጓድ ጣሪያውን አንቀጠቀጠው። ዘሪቱ የደበሌን ካቴና ፈታች።

ክንፉ ወደ ሰሌዳው ተጠግቶ መስመሮቹን አንድ በአንድ በጣቱ ተከተለና መጨረሻዋ ላይ ቆመ።

«ሦስቷ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ለምንድን ነው እንደገና የምትባዛው?»

የጠየቀው ከልቡ ነበር።