ከዳር ሦስተኛዋ ቲማቲም

«ዘገየህ» አሉ እትዬ ወርቅዬ፣ ከበረንዳው ደረጃ ላይ ሳይነሱ። «እሱ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲጠብቅህ ነበር። በል በጓሮ በኩል ዙር። ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ቢጫ እየሆነ ነው። ስትነካው ቀስ በል፣ ቅርንጫፉ ቶሎ ይሰበራል።»

ኢንስፔክተር ማኑሄ ኮፍያውን አወለቀ። ከአስራ ስምንት ማዞሪያ ዳገቱን የወጣው በእግሩ ነው፤ ጉልበቱም ይህን አልረሳለትም። ሲቪል ለብሶ፣ ጭቃ የያዘ ጫማ ተጫምቶ፣ ፋይሉን በብብቱ ሸጉጦ ላየው ሰው፣ ከወረዳ የመጣ የግብርና ባለሙያ እንጂ ፖሊስ አይመስልም። ሚስቱም ሁልጊዜ የምትለው ይህንኑ ነው።

«እናቴ፣ እኔ ከፖሊስ ነኝ» አለ። «ስለ ባለቤትዎ ስለ አቶ ኃይለመስቀል አሟሟት ነው የመጣሁት።»

እትዬ ወርቅዬ ቀና ብለው አዩት። «ቲማቲሙን የሚያይ ሰው ዛሬ ይመጣል ብሎኝ ስለነበር ነው» አሉ። «ካልሆንክም ግባ። ጓሮው እዚያው ነው።»

አቶ ኃይለመስቀል አየር ጤና የነበራቸውን የመለዋወጫ ሱቅ ለወንድማቸው ልጅ ለጌድዮን ከለቀቁ ሰባት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥራቸውም ወሬያቸውም ቲማቲም ሆነ። ሰፈርተኛው እንደምን አደሩ ሲላቸው ስለ ፍግ ይመልሱለታል። ፍሬው ሲደርስ ለየቤቱ በሳህን እየላኩ፣ «የሰው እጅ አላስነካውም፤ ከችግኙ እስከ ፍሬው እኔው ነኝ» ይላሉ። ሰውም ሳህኑን መመለስ ስላለበት ያመሰግናል።

ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጌድዮን ሊጠይቃቸው ሲመጣ፣ ቲማቲማቸው መሃል በጀርባቸው ተዘርረው አገኛቸው። ማጅራታቸው ያረፈው መደቡን በከበበው ጥርብ ድንጋይ ላይ ነበር። አስከሬኑ ወደ ሆስፒታል ተወስዷል። ሐኪሙ በስልክ የተናገረው አጭር ነው፦ «የገደላቸው ድንጋዩ ነው። ግን እንዲሁ አልተንሸራተቱም፤ ደረታቸው ላይ ተገፍተዋል።»

ለዚህ ሁሉ ደግሞ አንድ ሰው ተገኝቶለታል። ሽኩር ይባላል፤ በአንድ አጥር የሚዋሰን ዶሮ አርቢ ጎረቤት ነው። ትናንት አመሻሽ ላይ አንዲት ዶሮው ቲማቲም ስትለቅም አቶ ኃይለመስቀል በድንጋይ ቢመቷት፣ «አንድ ቀን እዚሁ ቲማቲምህ ሥር ትገኛለህ!» ብሎ ጮኸ። ሰፈሩ ሁሉ ሰማ፤ ያልሰማም ሰማሁ ብሏል። አሁን ፖሊስ ፒካፕ ላይ ተቀምጧል። የማኑሄ አለቃም እስከ ስድስት ሰዓት ሰውዬው ወደ መምሪያ እንዲላክ አዟል።

የሽኩር ሚስት አልፊያ ማኑሄን በሩ ላይ ጠበቀችው።

«ጋሼ፣ እሱ እኮ ዶሮ እንኳን ለማረድ ሰው የሚለምን ነው።»

«ታዲያ ዛቻውን ከየት አመጣው?»

«አፉ ነው። እጁ የለበትም። አንዴ መምሪያ ከገባ መቼ እንደሚወጣ ማን ያውቃል? ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመጡ ምን ልበላቸው?»

ማኑሄ ሠላሳ ዓመት በሥራው ላይ ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ ሰምቷል።

ወደ ጓሮው ዞረ። አስራ ሁለት እግር ቲማቲም በሁለት ረድፍ ቆሟል። እያንዳንዱ ከአሮጌ አንሶላ በተቀደደ ጨርቅ ከእንጨት ጋር ታስሯል። ጨርቁ በስምንት ቁጥር ዞሮ፣ ግንዱን እንዳያንቀው ላላ ብሎ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ተሸጉጧል። መደቡ ጭቃ ነው። ከማድ ቤቱ ጥግ ያለው የውሃ በርሜል ግን ባዶ ነው።

ከዳር ሦስተኛዋ ጋ ሲደርስ ጎንበስ አለ። ግንዷ ከወገቧ ጎብጧል፣ ፍሬዋ ጭቃው ውስጥ ፈርጧል። ሆኖም ቀና ብላ ታስራለች። የሌሎቹ ጨርቅ ፀሐይና ዝናብ አንጥቶታል፤ የእሷ ገና ንጹሕ ነው። ቅጠሏን ዳሰሰ፣ ጣቱን አሸተተ፣ በመሐረብም ጠረገው። መሐረቡ ላይ ምንም አልታየም። ፈገግ አለ፤ በዚያን ዕለት የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ፈገግታው ነበር።

ጌድዮንን አጥሩ ሥር አነጋገረው።

«አጎትህን ስታገኝ ነካሃቸው?»

«አልነካሁም። ከማድ ቤቱ ጥግ አይቼ ነው የጮኽኩት።»

«ቲማቲሙንስ?»

«ኢንስፔክተር፣ እውነቱን ልንገርዎት? እዚህ ቦታ ላይ አራት የሚከራዩ ክፍሎች ይወጡ ነበር። ሁሉንም ብነቅለው ደስ ይለኛል።»

«ስታያቸው ይህቺ ሦስተኛዋ ወድቃ ነበር?»

ጌድዮን አሰበ። «ኧረ ቆማ ነበር። እሳቸው ከሥሯ ነበሩ።»

ቀጥሎ ወደ ፒካፑ ሄደ።

«ቲማቲም ታውቃለህ?» አለው ሽኩርን።

«ድስት ውስጥ ሲገባ።»

«ችግኝ ደግፈህ አስረህ ታውቃለህ?»

«በግ አስሬ አውቃለሁ። እሱም ፈትቶ ሄደ።»

በመጨረሻ ከእትዬ ወርቅዬ አጠገብ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«ጠዋት የት ነበሩ?»

«ተኝቼ።»

«ጓሮ ይገባሉ?»

«የእኔ ሥራ ውሃ መሸከም ነው። ቧንቧው ከደረቀ ሦስት ሳምንቱ ነው። ከታች ሰፈር እየቀዳሁ በርሜሉ ጋ አደርሳለሁ፣ እመለሳለሁ። ጓሮው የእሱ ነው፤ እግሬን አላስገባም።»

«በርሜሉ እኮ ባዶ ነው።»

«አዎ» አሉ እትዬ ወርቅዬ። «ባዶ ነው።»

ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሲል ጎረቤት ለለቅሶው ዳቦና ምስር ይዞ መጣ። ቤቱ ውስጥ ጠብታ ውሃ ስላልነበረ፣ ማኑሄ ከአልፊያ ቤት አንድ ጀሪካን ውሃ አስመጣ። ሽኩርም ከፒካፑ እንዲወርድ አደረገ። ከዚያ ማስታጠቢያውንና ሳሙናውን ከአልፊያ እጅ ተቀበለ።

«ዛሬ የማስታጥበው እኔ ነኝ።»

ሰው ተያየ። ፖሊስ ሲያስታጥብ አይቶ የሚያውቅ አልነበረም።

ከሽኩር ጀመረ። የሳሙናው አረፋ ነጭ ሆኖ ወረደ። የጌድዮን በሱቁ ግራሶ ምክንያት ጥቁር ሆነ። እትዬ ወርቅዬ ጋ ሲደርስ እጃቸውን በነጠላቸው ሸሸጉ።

«እኔ አልበላም።»

«ለመታጠብ መብላት ግዴታ አይደለም፣ እትዬ።»

ቀስ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ውሃው ፈሰሰ፣ ሳሙናው ታሸ። አረፋው አረንጓዴ ያዘለ ቢጫ ሆኖ ከሥር ወዳለው ሳህን ወረደ።

ማኑሄ ማስታጠቢያውን አስቀምጦ፣ ደከመው መሰል፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እኔም ቤት ሦስት እግር አለኝ» አለ። «ቲማቲም የዳሰሰ እጅ ደረቁን ሲታይ አያስታውቅም። ሳሙና ሲያገኘው ግን እንዲህ ይናገራል። ሚስቴ በፎጣዋ ምክንያት ስንት ቀን ተቆጥታኛለች።»

ማንም አልሳቀም።

«አቶ ኃይለመስቀል የወደቁት ከዳር ሦስተኛዋ ላይ ነው፤ ይዘዋት ነው የወደቁት። ጌድዮን ሲደርስ ግን ቆማ ነበር። ስለዚህ እሳቸው ከወደቁ በኋላ አንድ ሰው አቃንቶ አስሯታል። ሽኩር ቢሆን አጥር ዘሎ ይሮጣል እንጂ ቲማቲም አይደግፍም። ጌድዮን ቢሆን የቀሩትንም ይነቅላቸው ነበር።»

«እውነት ነው» አለ ጌድዮን ሳያስበው።

«ከሁሉ የከበደኝ ቋጠሮው ነው። ሦስተኛዋን ያሰረው እጅና አስራ አንዱን ያሰረው እጅ አንድ ነው፤ በስምንት ቁጥር፣ ላላ ተደርጎ፣ ጫፉ ተሸጉጦ። የሞተ ሰው ደግሞ ቲማቲም አያስርም። እንግዲያ አስራ አንዱንም ያሰሩት እሳቸው አልነበሩም። ጠዋት እትዬ የግብርና ሰው መስያቸው ‹ቀስ በል፣ ይሰበራል› ብለውኝ ነበር። ጓሮ እግሩን የማያስገባ ሰው ይህን ከየት ያውቃል?» ወደ እሳቸው ዞረ። «እጅዎን ሊታጠቡ ቢሉም ውሃው ሁሉ መደቡ ላይ ፈስሷል።»

እትዬ ወርቅዬ እርጥብ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳኖሩ ተናገሩ።

«አስር ጀሪካን ነበር። ሁለት ቀን ተሸከምኩት። ለእሁድ ቤተ ክርስቲያን ገላዬን ልታጠብ፤ ሦስት ሳምንቴ እኮ ነው። ንጋት ላይ ስወጣ የመጨረሻውን ባልዲ እያፈሰሰ ደረስኩ። ‹ለእኔስ?› አልኩት። ‹አንቺ እስከ ሐሙስ ትችያለሽ፣ ቲማቲም አይችልም› አለኝ። ገፋሁት። ልገድለው አልነበረም። ትንፋሹን አዳመጥኩ፤ የለም።»

«ሽኩርን ሲይዙትስ ለምን አልተናገሩም?»

«አፍሬ ነው። ምሳ ሳይደርስ እናገራለሁ እያልኩ ነበር።» ሽኩርን አዩት። «ይቅር በለኝ ልጄ።»

ሽኩር አንገቱን ደፋ። አልፊያ ክንዱን ይዛ ወደ በሩ ወሰደችው። ወጥታም እንደገና ተመለሰች፤ ጀሪካኑን እትዬ ወርቅዬ አጠገብ ትታ ሄደች።

ማኑሄ ፋይሉን ዘጋና ተነሣ።

«አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም፣ እትዬ። ሰው ሞቶ ተዘርሮ፣ እርስዎ ቆመው ጨርቅ ቀደው ያቺን ቲማቲም ያቃኑት ለምንድን ነው?»

እትዬ ወርቅዬ ጥያቄው ራሱ እንዳደከማቸው ሁሉ ቀና አሉ።

«እሷማ ምን አጠፋች?»