የትኛው አጋዘን ይሰቀል?

«አሁን! አሁን ነው ልጄ!» አለ አባቷ በሹክሹክታ።

ሉሊት ሰምታዋለች፤ ግን ልብ እንዲህ እየደለቀ እጅ እንዴት ይታዘዛል! ከተቀመጡበት የአደን ማማ ፊት ለፊት፣ ታጭዶ ባለቀው የበቆሎ ማሳ ዳር፣ ወንድ አጋዘን አንገቱን ቀና አድርጎ ቆሟል። ቀንዱን ቆጠረች። በግራ አራት ጫፍ፣ በቀኝ አራት ጫፍ። ስምንት! ዕድሜዋ አሥራ አራት ነው፤ የአዳኝነት ፈተናውን ያለፈችው ገና በሰመር ዕረፍት ነው፤ እስካሁን የወረቀት ዒላማ ላይ እንጂ ሌላ ነገር ላይ ተኩሳ አታውቅም። አየር ሳበች፣ ግማሹን ለቀቀች፣ ቃታውን ሳበች።

አጋዘኑ ሠላሳ እርምጃ ያህል ሮጦ ተደፋ።

«ጣልሽው! ኧረ ጣልሽው!»

አባቷ ዮሐንስ ከማማው እንዴት እንደወረደ እሱም አያውቀውም። ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው አሌክሳንድሪያ ውስጥ የሆቴል ፓርኪንግ የሚሠራ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ከሰው ድምፅ ይልቅ የመኪና ቁልፍ ኳኳታ የለመደ። ዛሬ ግን ብርቱካናማ የአዳኝ ሰደርያው እየተውለበለበ ማሳውን አቋርጦ በረረ። ሉሊት ጥይቱን አውጥታ፣ ጠመንጃዋን ይዛ እስክትወርድ አጋዘኑ ጋ ደርሶ ነበር።

«ዮሐንስ! አንገቱን እንዳትነካ!» የሚል ጩኸት ከወዲያኛው ማማ መጣ። ጋሽ አምሃ ነበሩ።

ማን ሰምቶ! ዮሐንስ ቢላውን መዝዞ፣ «በኢየሱስ ስም» ብሎ፣ የአጋዘኑን ጉሮሮ አረደው። ከዚያ ቀና ብሎ እንደ ልጅ ሳቀ። «ነፍሱ ሳትወጣ ደረስኩበት! ሳይታረድ ሞተ፣ በክት ነው የሚል የለም፤ ሰው ይበላልሻል!»

ሉሊት ባለችበት ደርቃ ቀረች። ጭንቅላቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል አጋዘን ከትከሻው በላይ ቢላ አይነካውም። ይሄንን ጋሽ አምሃ ጠዋት መኪና ውስጥ ሁለት ጊዜ ተናግረዋል። ጋሽ አምሃ ሠላሳ ዓመት ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከቤታቸው ሥር ባለው ቤዝመንታቸው ውስጥ የአጋዘን ቆዳ አልፍተው፣ በአንገት ቅርጽ የተሠራ ፎም ላይ አልብሰው፣ የመስታወት ዓይን ገጥመው ጭንቅላቱን ነፍስ ያለው ያስመስሉታል። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ግን በዓመት የሚሠሩት አንድ ብቻ ነው። አብረዋቸው ከሚያድኑት ሰዎች የማን አጋዘን እንደሚሰቀል የሚወስኑት ራሳቸው ናቸው፤ አማላጅ አይሰሙም።

ሉሊት ያንን አንድ ቦታ ከልቧ ፈልጋዋለች። ከመፈለግም አልፋ ለጓደኛዋ ለማራናታ «ዘንድሮ የኔ ነው፣ ጀስት ዌይት፣ ታያለሽ» ብላ ቴክስት አድርጋላታለች።

«አበላሸኸው!» አለችው አባቷን በእንግሊዝኛ። ሲከፋት አማርኛዋ ይጠፋል። «ሁሉንም ነገር አበላሸኸው!»

ዮሐንስ ቢላውን ሣሩ ላይ ጠረገ። «እጄ ቀደመኝ፣ ልጄ» አለ። የቅድሙ ሳቅ ከፊቱ ጠፍቷል።

ይሄ አልበቃ ብሎ፣ ከሰዓት በኋላ አብረዋቸው የሚያድኑት እትዬ የወይንሐረግ ባለ አሥር ጫፍ ጣሉ። እትዬ የወይንሐረግ ሄርንደን የሚኖሩ ነርስ ናቸው፤ ሲናገሩም ሲስቁም ሰፈር ይሰማል። ፒካፕ መኪናው ላይ ወጥተው፣ ጠመንጃ በሌለው እጃቸው አየሩን እየቆረጡ ፎከሩ፦

«ዘራፍ! የሄርንደኗ ነርስ፣
አሥር ጫፍ ይዛ የምትመለስ!»

የእሳቸው አጋዘን ደግሞ አንገቱ ያልተነካ፣ እንከን የማይወጣለት ነው። ሉሊት አጨበጨበች፤ አንጀቷ ግን እያረረ ነበር። በመልሱ መንገድ አባቷ ሦስት ጊዜ ሊያጫውታት ሞክሮ፣ ሦስቴም ያገኘው መልስ «ኦኬ» ነው። ቤት ከገቡም በኋላ «ራት ብላ» የለ፣ «ደህና እደር» የለ፤ ኦኬ ብቻ።

በሚቀጥለው እሑድ ከአምልኮ በኋላ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ የጋራ ምሳ ነበር። ዮሐንስ የሉሊትን አጋዘን ጠብሶ በሁለት ትልልቅ ትሪ አቀረበ። ሉሊት ጥግ ላይ ቆማ አየችው። ማን ሊበላው ነው? እትዬ የወይንሐረግ በየዓመቱ የሚያመጡት የአጋዘን ሥጋ ትሪ እንደተሸፈነ ነው ወደ ሄርንደን የሚመለሰው። ምግብ ሁሉ ንጹሕ ነው የሚል ስብከት ስንቴ ተሰብኳል፤ ያልታረደ ሥጋ ፊት ሲደርሱ ግን የእናቶች እጅ ይሰበሰባል።

መጀመሪያ የመጡት እማማ ዓባይነሽ ናቸው፤ የጉባኤው ትልቋ እናት። በምርኩዛቸው ወደ ትሪው ጠቆሙ።

«ይሄ የዱር ነው?»

«አዎ እማማ፣ አጋዘን ነው» አለ ዮሐንስ።

«ማን ገደለው?»

«ልጄ ናት። ሉሊት።»

«አራጁስ?»

«እኔ። ነፍሱ ሳትወጣ ነው የደረስኩት።»

እማማ ዓባይነሽ አንድ ቁራጭ ጎረሱ። አላመጡ።

«ወይ ጉድ!» አሉ። «እንዲህ ያለ ነገር እያለ እስከ ዛሬ ዶሮ ስታበሉን ከረማችሁ?» ብለው ሌላ ቁራጭ ደገሙ።

በቃ! ሰልፉ እስከ በሩ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ መጡ፣ መዘምራኑ መጡ፣ ሕፃናቱ በሰው እግር መሃል ሾልከው መጡ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ትሪዎቹ ተጠረጉ፤ የመጨረሻዋን ቁራጭ ማራናታ ከወንድሟ እጅ ነጥቃ በላች። «ገርል፣ ይሄ ሲሪየስሊ አንቺ የገደልሽው ነው?» አለቻት አፏ እንደሞላ። እማማ ዓባይነሽ ሉሊትን አስጠርተው ግንባሯን ሳሟት። «እጅሽ ይባረክ፣ የኔ ልጅ። አጥግበሽናል!»

ሉሊትን ደስታ ፈነቀላት። ያንን ሁሉ ሰው ያበላችው እሷ ናት! ግን አባቷ ከትሪዎቹ ኋላ ሆኖ በዓይኑ ሲፈልጋት፣ ያላየች መስላ ወደ ማራናታ ዞረች። ኩርፊያዋ ገና አልወጣላትም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጋሽ አምሃ ኮል አደረጉ። «የወሰድኳቸው ሁለቱም ቆዳዎች ለፍተዋል። ቅዳሜ ኑና ልፍረድ» አሉ።

ቤዝመንታቸው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ቆዳና ሁለት ቀንድ ተዘርግቶ ነበር፤ መሃል ላይ አንድ የፎም አንገት ብቻውን ቆሟል። አንድ ቅርጽ፣ አንድ ቦታ። ዮሐንስ ወደ ጠረጴዛው አልቀረበም፤ ደረጃው ላይ ቆመ።

«የኔ አሥር ጫፍ ነው! ምን ፍርድ ያስፈልገዋል?» አሉ እትዬ የወይንሐረግ።

«ጫፍ አልቆጥርም» አሉ ጋሽ አምሃ። «ሥጋውን ማን በላው?»

እትዬ የወይንሐረግ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ፍሪዘር ውስጥ ነው።»

«ሁሉም?»

«ታዲያ ምን ላድርግ ጋሼ! በክት ነው እያሉ ማን ይቀምስልኛል? ብቻዬን አንድ አጋዘን ልጨርስ?»

ጋሽ አምሃ ወደ ሉሊት ዞሩ። «ያንቺስ?»

«አልቋል!» አለች፤ ከጠበቀችው በላይ ጮኸች። «እማማ ዓባይነሽ ደግመዋል። መዘምራኑ በልተዋል። ማራናታ ከወንድሟ ነጥቃ በላች። ሌላም ልንገርዎት?»

«በቃኝ፣ በቃኝ» አሉ እየሳቁ። «ሰው ያልበላው አጋዘን እዚህ ግድግዳ ላይ አይወጣም። ዘንድሮ የሉሊት ነው!»

ሉሊት ዘለለች። ጮኸች። እንደገና ዘለለች። እትዬ የወይንሐረግ «ኧረ ግፍ ነው፣ የሰው ያለህ!» እያሉ ራሳቸው አቅፈው አሽከረከሯት።

«ቆይ፣ አትቸኩሉ» አሉ ጋሽ አምሃ። የሉሊትን አጋዘን ቆዳ ገለጥ አድርገው አሳዩዋት። የቢላው ቁርጥ ከመዳፏ ይረዝማል፤ ያረፈውም ነጩ የጉሮሮ ጸጉር ላይ ነው። «ይሄ ይሰፋል። ግን እዚህ ቦታ ላይ ስፌቱ መታየቱ አይቀርም። ሌላ መንገድ አለ። ያንቺን ቀንድ በእትዬሽ አጋዘን ቆዳ ላይ ልገጥመው እችላለሁ። የአንገታቸው ልክ አንድ ነው። ባለሙያዎቹም የሚያደርጉት ነገር ነው፤ ማንም አይለየውም።»

«ውሰጂው የኔ ቆንጆ!» አሉ እትዬ የወይንሐረግ። «ሥጋውን ሰው እምቢ ቢለኝ፣ ቆዳውን እንኳ ይየው!»

ሉሊት ያልተነካውን ቆዳ ዳበሰችው። ለስላሳ ነው፤ አንድም ጭረት የለበትም። ፎቶው ከአሁኑ ታያት፦ ስምንት ጫፍ፣ ነጭ ጉሮሮ፣ ፐርፌክት። አፏን ከፍታ «እሺ» ልትል ነበር።

«እሱ ይሻላል፣ ልጄ» አለ ዮሐንስ ከደረጃው። «ጋሼ ልክ ናቸው። እኔ ያጠፋሁትን ማንም ማየት የለበትም።»

ሉሊት ዞራ አየችው። ከዚያች ከአደኑ ቀን ወዲህ ፊቱን በደንብ አይታው አታውቅም። ጃኬቱን አላወለቀም፤ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ይቅርታ ሊጠይቅ ሰው ቤት እንደመጣ እንግዳ ቆሟል። በማሳው መሃል እየሮጠ «ሰው ይበላልሻል!» ብሎ የሳቀው ሰውዬ ይሄ ነው? አሳዘናት። በራሷም አፈረች።

እጇን ከእትዬ የወይንሐረግ ቆዳ ላይ አነሳች።

«በራሱ ቆዳ ይሁን» አለች።

«ስፌቱ ይታያል አልኩሽ እኮ» አሉ ጋሽ አምሃ።

«ይታይ።»

«ሰው ይጠይቅሻል። ምን ልትዪ ነው?»

«አባቴ አረደው እላለኋ።»

ጋሽ አምሃ የሚንቀጠቀጥ እጃቸውን ዘርግተው መርፌና ክር ሰጧት። «በይ እንግዲያው፣ አንቺው ስፊው። እኔ አሳይሻለሁ።»

ሉሊት ክሩን አስገብታ ቆዳው ላይ ጎንበስ አለች። የቁርጡ ሁለት ጠርዝ ግን አንዱን ሲይዙት አንዱ እየሸሸ አልገናኝ አላት። ቀና አለች።

«አባዬ» አለች። «ና፣ እዚህ ጋ ያዝልኝ።»

ዮሐንስ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወረደ።