የኦቾሎኒው ስለት

የዚያን ቀን የሠራሁት ስህተት አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር፣ እኔ ግን ሞኝነትን በችርቻሮ አላውቅም፣ በጅምላ ነው የማመጣው፤ አረንጓዴ ኮት ለብሼ፣ አንድ ከረጢት ሙሉ ኦቾሎኒ ከነቅርፊቱ ታቅፌ፣ የመኪና እሽቅድምድም ሰዎች የዓመት መሰባሰቢያ ላይ ሰተት ብዬ ገባሁ። ምን አለበት ትሉ ይሆናል፣ እኔም ያልኩት እሱን ነው። ለካስ እነዚህ ሰዎች ዘንድ አረንጓዴ ልብስና የኦቾሎኒ ቅርፊት ማለት እኛ ገደ ቢስ የምንለው ነው፣ መኪና ያስገለብጣል፣ ሞተር ያቃጥላል ይላሉ፣ እኔ ደግሞ ሁለቱንም አሟልቼ መጣሁላቸው።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር እንተማመን፣ እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አይደለሁም። እናቴ ጉጉት ጮኸች ብላ መንገድ ስትሰርዝ፣ እኔ ጉጉቷ ምን አሟት ይሆን የምል ልጅ ነበርኩ። አሜሪካ፣ ዴንቨር እንደመጣሁ ካፒቶል ሂል የሚባል ሰፈር የተከራየሁትን ክፍል ሰዎች እዚያ ቤት ግድግዳው ይንኳኳል ብለው ሲያስፈራሩኝ፣ የሚያንኳኳው የማሞቂያው ቧንቧ መሆኑን ጆሮዬን ለጥፌ ያረጋገጥኩ ነኝ፣ እርግጥ ቧንቧው ጆሮዬን አቃጠለኝ፣ ቢሆንም ሰይጣን አልነበረም። ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ስትሰሙ ሽማግሌው ዞረበት አትበሉ፣ ዞሮብኝ ከሆነም ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

ነገሩን ያመጣው ደረጀ ነው። ደረጀ እዚህ ከዴንቨር ጎን ኦሮራ ጎረቤቴ ነው፣ መካኒክ ነው፣ ሳምንቱን የሰው መኪና ሲጠግን ይከርምና ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳው መሀል ባለው ትንሽ የእሽቅድምድም ቦታ የራሱን አሮጌ መኪና ይዞ ይወዳደራል። ትንሽ ስላችሁ የምር ትንሽ ናት፣ ሞላላ ናት፣ መኪናዎቹ ወጥ ውስጥ እንዳለ ማማሰያ ይዞራሉ ይዞራሉ፣ የትም አይደርሱም፣ ሰውም ከፍሎ ያያቸዋል። በዚህ ዓመት ግን የሚነዳው እሱ አልነበረም፣ ልጁ ሳሮን ነበረች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። አንድ ማታ በሬን አንኳኩቶ፣ አባቴ በሕይወት የለም፣ ልጄን ከመግባቷ በፊት የሚመርቅልኝ ሽማግሌ እፈልጋለሁ፣ እባክዎ ይምጡልኝ አለኝ። እኔን ሽማግሌ ብሎ የሚያከብረኝ ሰው እንደ ልብ ስለማይገኝ ሳያስጨርሰው እሺ አልኩት።

እና ባዶ እጅ አይኬድም መቼም፣ መንገድ ላይ ሱቅ ገብቼ ኦቾሎኒውን ገዛሁ፣ ደም ግፊት ስላለብኝ እጄ ከልማዱ ጨው የሌለውን አነሳ። ልብ በሉ፣ ለራሴ አልነበረም፣ የእኔ ጥርስ ማታ ማታ ብርጭቆ ውስጥ የሚያድር ጥርስ ነው፣ ኦቾሎኒ የሚያህል ጠላት የለውም። ይህን የጥርስ ነገር አደራ ያዙልኝ፣ ኋላ ይፈለጋል።

ስደርስ ከመኪናዎቹ ማቆሚያ ጀርባ የጥንት ሹፌሮች ታጣፊ ወንበራቸውን ዘርግተው፣ ስጋቸውን ፍም ላይ ጥደው፣ እንደ እድር ስብሰባ ሁሉም ያወራል ማንም አይሰማም። አንዱ አፍንጫው የተጣመመ ሰውዬ ድሮ ከነመኪናው ስለተገለበጠ ሹፌር ያወራል፣ ጨዋታውን ሲጀምር አንዴ የተገለበጠው ሰውዬ እኔ ቆሜ እያዳመጥኩ ብዙ ጊዜ ተገለበጠ፣ ወደድኩት፣ የእኔ ቢጤ ውሸታም ነው ብዬ ከረጢቴን ከፍቼ ቅድሚያ ለእሱ ዘረጋሁለት። እመኑኝ፣ ሰውዬው እባብ እንዳየ ከወንበሩ ዘለለ። ሌሎቹም ወንበራቸውን ከእኔ አራቁ።

ሳሮን የእሽቅድምድም ቱታዋን ለብሳ ሄልሜቷን ይዛ መጣች፣ ከረጢቱን አየች፣ ኮቴን አየች። እዚሁ ነው የተወለደችው፣ እርስዎ የሚለው ነገር ምላሷ ላይ አይዞርም።

«ጋሽ ዘውዴ፣ ሲሪየስሊ? አንተ ፒነት ነው ያመጣኸው?» አለችኝ እየሳቀች። ሳቋ ግን ግማሽ ላይ ቆመ፣ ሄልሜቱን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ደረጀ ከኋላዋ ቆሞ እኔንም አላየ፣ እሷንም አላየ፣ መሬት መሬቱን ነው ያየው።

ይኼኔ ዶሎረስ መጣች። ዶሎረስ በሩ ላይ ገቢ ወጪውን የምትቆጣጠር ቀጭን አሮጊት ናት፣ ያ ሜዳ አቧራ ብቻ ከነበረ ጀምሮ እዚያ ነበረች ይላሉ፣ ግድግዳ ገጭተው የሚስቁ ሹፌሮች እሷ ስትመጣ ወንበር ይለቃሉ። ፍርዷን አጭር አድርጋ ሰጠች፦ ኮቱን አወልቄ ለእሷ፣ ኦቾሎኒውን ይዤ ደግሞ ከሦስተኛው ኩርባ ወዲያ ወዳለው አሮጌ የእንጨት መቀመጫ፣ ማንም ወደማይቀመጥበት፤ የልጅቷ ተራ ሲደርስ ከረጢቱን እዚያው ትቼ ለምርቃት መምጣት እችላለሁ። ሽማግሌ ተብዬ ተጠርቼ እንደ ረባሽ ተማሪ ጥግ ተላክሁላችሁ።

ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ወደ ተራሮቹ ዘንበል ብላለች፣ መለማመጃው አልቆ ሞተሮቹ ጠፍተዋል፣ ነፋሱ እንኳ ቆሟል። የከረጢቱን አፍ ጠምዝዤ አጠገቤ አስቀመጥኩና ምርቃቴን ማጥናት ጀመርኩ፣ ረጅምና ያማረ ነበር።

ቀጭ።

እንጨቱ ነው አልኩ፣ እንጨት ሲቀዘቅዝ ይጮሃል፣ ቧንቧም ይንኳኳል፣ ይህን እኔ አውቃለሁ። ትንሽ ቆየና ደግሞ ቀጭ፣ ከዚያ ቀለል ያለ ነገር ሳንቃው ላይ ሲወድቅ ሰማሁ። ዞር ብል የከረጢቱ አፍ ተከፍቷል፣ አጠገቡ የቅርፊት ክምር አለ፣ ባዶ ቅርፊት፣ አንዱ በአንዱ ላይ በደንብ የተደረደረ። ሽኮኮ ነው አልኩ፣ ግን ሽኮኮ ይበትናል እንጂ ይደረድራል? ከረጢቴን አንስቼ ወደ ላይኛው ረድፍ ወጣሁ። እዚያም እንደተቀመጥኩ ቀጭ አለ፣ ይኼኛው ከጆሮዬ ስር ነበር፣ ስዞር አዲስ ክምር፣ ከክምሩም አናት ላይ አንዲት ኦቾሎኒ ግማሿ ተነክሳ ቀርታለች። አነሳኋት፣ አየኋት። የሰው ጥርስ ነው። የእኔ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ።

ያኔ ነው የተቀመጥኩበት ሳንቃ ከወዲያኛው ጫፍ ዝቅ ያለው። ወፍራም ሰው አጠገባችሁ ሲቀመጥ አግዳሚው እንዴት እንደሚያደርጋችሁ ታውቁት የለ፣ እንደዚያ፣ እኔ በዚህኛው ጫፍ ትንሽ ከፍ አልኩ። ማንም የለም። የቤንዚንና ያረጀ ቆዳ ሽታ ብቻ መጣ።

በስመ አብ ማለት ነበረብኝ። ግን ይህ አፌ ሲፈራ ቀልድ ነው የሚቀናው፣ ሚስቴ ነፍሷን ይማርና በዚህ አፍህ መቃብር ውስጥም ጎረቤት ታስቀይማለህ ትለኝ ነበር፣ እና ወደ ባዶው ሳንቃ ዞሬ እንዲህ አልኩ፦

«ወንድሜ፣ ጨው አንሶት ነው መሰለኝ የተውከው። ልጅቷ ዛሬ በደህና ከወጣችልኝ፣ ጨው ያለውን አንድ ከረጢት አመጣልሃለሁ።»

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ። ይህ ቀልድ አይደለም፣ ይህ ስለት ነው። እንዲህ ከሆነልኝ ይህን አስገባለሁ ማለት ለቅዱስ የሚባል ነገር ነው፣ እኔ ጃጀሁና ለማላውቀው ኦቾሎኒ በሊታ ተሳልኩ። ሳንቃውም ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ የተስማማ ሰው ተነስቶ እንደሚሄደው።

ደረጀ ከሩቅ እጁን ሲያወዛውዝ ሳየው ከረጢቱን እዚያው ጥዬ፣ በዚህ ዕድሜዬ መሮጥ የሚባል ከሆነ ሮጥኩ። ዶሎረስ በሩ ላይ ኪሴን ፈተሸች፣ ባርኔጣዬን አውልቃ አራገፈችው፣ አንዲት ቅርፊት አላገኘችም፣ ይህን እሷም ትመሰክራለች።

ሳሮን መኪናዋ አጠገብ ቆማ አንገቷን ደፋችልኝ፣ እጄን ዘረጋሁ፣ ያጠናሁትን ልጀምር ስል ዓይኔ ዝቅ አለ። በግራው የፊት ጎማ ስር የቅርፊት ክምር ነበር። በደንብ የተደረደረ።

ደረጀም አየው። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፣ እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ጋሽ ዘውዴ፣ ምን በደልኩዎት?» አለኝ።

እኔ አይደለሁም ማለት አቃተኝ፣ እኔ አይደለሁም ብል ማን ነው ልበለው? ደረጀ ተንበርክኮ ቅርፊቱን በመዳፉ ይጠርግ ጀመር፣ ሊነሳ ጎማውን ደገፍ ሲል ጎማው ተወዛወዘ። እጁ ቀጥ አለ። ከዚያ ጎማውን ከሚያስሩት አንዱን ዳዶ በጣቶቹ ያዘው፣ ዳዶው ዞረ፣ ያለ ቁልፍ፣ እንደ ጠርሙስ ክዳን። ሌሎቹም እንደዚያው።

«ጠዋት እኔ ራሴ ነኝ ያጠበቅኳቸው» አለ፣ ለማንም አልነበረም የተናገረው። «እኔ ራሴ።»

«ዳድ?» አለች ሳሮን።

ቁልፉን አምጥቶ የአራቱንም ጎማ ሁሉ ዳዶ እያላበው መረመረ፣ የላላው የዚያ ጎማ ብቻ ነበር። አፍንጫው የተጣመመው ሰውዬ መጥቶ ቅርፊቶቹን አየና ቀስ ብሎ ኮፍያውን አወለቀ። እኔ ያ ሁሉ ያማረ ምርቃት ከአፌ ጠፋ፣ እጄን ራሷ ላይ ጭኜ ማለት የቻልኩት «በሰላም ግቢ፣ በሰላም ውጪ» ብቻ ነው። ደረጀ አሜን አለ፣ ሰውዬውም ምን እንደተባለ ሳያውቅ አሜን አለ።

ልጅቷ ከመጨረሻው ሁለተኛ ወጣች። ከመኪናዋ ወርዳ ግን ሁለት እጇን ስታነሳ ላያት አንደኛ የወጣች ነው የሚመስለው፣ የጥንቶቹ ሹፌሮች ተሻምተው አቀፏት፣ አባቷ ዘይት የነካ እጁን ፊቱ ላይ እያሻሸ ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገባ ይላል፣ ከዚያ ስጋውን በላን፣ እኔም የሚላመጠውን እየመረጥኩ በላሁ፣ ደስ የሚል ምሽት ነበር። ጀምበር ሳትጠልቅ ወደ አሮጌው መቀመጫ ተመልሼ ሄድኩ፣ ከረጢቱ እዚያው ነበር፣ ባዶውን፣ በሥርዓት ታጥፎ።

ስወጣ ዶሎረስ ኮቴን መለሰችልኝ፣ ፊቴን ትንሽ አየችና፣

«ጨው ነበረው?» አለችኝ።

የለውም አልኳት።

«እሱ ያለ ጨው አይወድም» አለች።

እሱ ማን ነው ስላት ፀሐይ ምንድን ናት ብዬ የጠየቅኳት ይመስል አየችኝና የበሩን ሰንሰለት መጎተት ቀጠለች።

ከዚያ ወዲህ እናንተ እንደምትጠይቁት እኔም ራሴን እጠይቃለሁ፣ ያ ኦቾሎኒ በሊታ የላላውን ዳዶ ነው ያሳየን፣ ወይስ ራሱ ፈትቶ ራሱ አሳየን? ደረጀን ጠይቄው ነበር፣ ጋሽ ዘውዴ ይተዉት አለኝ፣ ተውኩት። አሁን ዳዶዎቹን ሁለት ጊዜ ያጠብቃል፣ ሳሮን ደግሞ እኔ ሳልመርቃት መኪና ውስጥ አትገባም፣ በየቅዳሜው ያለ ኮት እቀርባለሁ።

ስለቱ ግን አልገባም። ጨው ያለውን አንድ ከረጢት ገዝቼ ወስጄ ነበር፣ ዶሎረስ በዚህ በር ቅርፊት አይገባም ብላ መለሰችኝ፣ ለማን እንደሆነ እያወቀች። ለንስሐ አባቴ ልነግራቸው ብዬ፣ ለማን ነው የተሳልከው ቢሉኝ ምን እላለሁ ብዬ ተመለስኩ። እና ከረጢቱ እስካሁን መኪናዬ የኋላ ወንበር ላይ ነው ያለው፣ አፉን ጠምዝዤ አስሬዋለሁ። አንዳንዴ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ቀይ መብራት ይዞኝ ስቆም ከኋላዬ ቀጭ ይላል። «ታገሰኝ ወንድሜ፣ አልካድኩህም» እለዋለሁ፣ የኋላ ማያ መስታወቱን ግን ወደ ጣሪያው አዙሬዋለሁ።