ስምንተኛው ቤት

እኔ ጠንቋይ ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፣ ዛር ያዘኝ ብላ የምትወድቅ ጎረቤት ባይ እንኳ ምግብ ስጧት፣ ሳትበላ ውላ ይሆናል የምል ሰው ነኝ፣ ወረታ ከተማ ላይ ከሃያ ዓመት በላይ የሩዝ መፈልፈያ ሳንቀሳቅስ፣ ሞተር በቆመ ቁጥር "ዓይን ገብቶበት ነው" የሚሉኝን ሁሉ "ዘይት ስላልተቀየረ ነው" እያልሁ ነው ያረጀሁት። የተማርሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፣ የቀረውን፣ ኮምፒውተሩን ጭምር፣ ራሴን በራሴ አስተማርሁ። ስለዚህ የምነግራችሁን ባታምኑ አልቀየማችሁም፣ ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም አላምነውም ነበር።

ልጄን እመቤትን ሽማግሌ ልከው ጠየቁኝ፣ ልጁ የቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ሰው ነው፣ ሥራ ወዳድ ነው፣ እሷም ትወደዋለች። ግን እኛ ዘንድ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጅ አይዳርም፣ እስከ ሰባተኛው ቤት ዘር ከተገናኘ እህትና ወንድም ናቸው፣ ነገሩ እዚያው ያበቃል። የሁለቱንም ወገን ዘር ከሌላው ሰው ዘር ጋር ከዓመታት በፊት ከአባ ድረስ አፍ ጽፌ ነበር፣ ፊደል አይለዩም እንጂ የአካባቢውን ሰው ትውልድ በቃላቸው የያዙ ሽማግሌ ናቸው፣ ከደብተር ወደ ኮምፒውተር ከገለበጥሁት በኋላ ደብተሩ ምን ያደርጋል ብዬ እሳት ማያያዣ አደረግሁት። ልጆቼን "ዕቃ አታባክኑ" እያልሁ የምቆጣ ሰውዬ!

መልስ የምሰጠው እሑድ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ኮምፒውተሩን ስከፍት ሰማያዊ ገጽ ወጣ፣ ዲስኩ ተቆልፏል፣ በስምንት ክፍል ስድስት ስድስት ሆኖ የተደረደረ፣ አርባ ስምንት አሃዝ ያለውን የመክፈቻ ቁጥር አስገባ ይላል። ቁጥሩን የኮምፒውተር ባለሙያው ዕቃውን ሲሸጥልኝ በወረቀት አትሞ፣ አጥፎ ሰጥቶኛል፣ እኔም ሳልገልጠው ሣጥን ግርጌ አኑሬዋለሁ፣ ሣጥኑን ብከፍት ምስጥ ዱቄት አድርጎታል። ደወልሁለት።

"ጋሼ፣ እኔ ጋ ቅጂ የለም" አለኝ፣ "ያ ቁጥር ከሌለ ደግሞ ውስጡ ያለው ሁሉ የለም ማለት ነው፣ አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጫንልዎት እንጂ።"

እመቤትን ጠራኋት።

"ትናንት ይህን ዕቃ ማን ነካው?"

"እኔ ነኝ አባየ። ራሱን እያደሰ ሳለ መብራት ጠፋበት።"

"መብራት ጠፋበት ወይስ አንቺ ቆለፍሽው?"

"ምን ብዬ እቆልፈዋለሁ?"

"ሰባቱ ቤት እንዳይቆጠር።"

እንባዋ መጣ፣ እኔ ግን እውነቱን ልናገርና አልራራሁላትም፣ እንባ ማስረጃ አይደለም ብዬ ወጣሁ።

አርብ በማለዳ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ወረድሁ፣ አባ ድረስ ጉልበታቸው ታሞ ሊታጠቡ እዚያ ከርመዋል። ሰው መርሳት እንደጀመሩ፣ የገዛ ልጃቸውን "ማነህ?" እንደሚሉ ዘመዶቻቸው ነግረውኛል፣ ግን ሌላ ማን አለኝ? እግራቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው፣ እንፋሎቱ ሸፍኗቸው አገኘኋቸው።

"አባ፣ እኔ ነኝ፣ ባለመፈልፈያው። ያንን ዘር እንደገና ይቁጠሩልኝ፣ የጻፍሁት ጠፋብኝ።"

"ፍሬውን ጥለህ ገለባውን ይዘህ ቀረህ?" ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑና "አንደኛ ቤት" አሉ፣ "ሁለት፣ ባዶ፣ ዘጠኝ፣ ሦስት፣ ሦስት፣ ባዶ።"

"አባ፣ ስሙን ነው እኮ..."

"አታቋርጠኝ! ሁለተኛ ቤት..."

ሌላ ስድስት ቁጥር። ሦስተኛ ቤት፣ እንደገና ስድስት። እመኑኝ፣ እጄ ከልማድ የተነሣ እየጻፈ ነበር እንጂ እኔስ ደርቄ ቀርቻለሁ፣ ሲንተከተክ የነበረው ውሃም ዝም ያለ መሰለኝ፣ መስሎኝም ይሆናል። ሰባተኛው ላይ አቆሙ።

"ስምንተኛውስ?" አልሁ።

"ስምንተኛው ባዳ ነው። ልጅቱን ጠይቃት።"

ስለ ልጄ አንድ ቃል አልነገርኋቸውም። በእርግጥ ዘር የሚቆጠረው ለጋብቻ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፣ ገምተው ይሆናል። ስመለስ መኪና ላይ ሳሰላው ግን ጥርጣሬዬ ሁሉ እመቤት ላይ አረፈ፣ ወረቀቱን ሰርቃ አይታ፣ በስልክ አስጠንታቸው ይሆናል አልሁ። ግን የገዛ ልጁን ለሚረሳ ሽማግሌ አርባ ሁለት ቁጥር እንዴት ይጠናል? ቆልፋው ከሆነስ መክፈቻውን ለምን ትልክልኛለች?

ከሰዓት በኋላ ቤት ገብቼ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥሁ። ያ ገጽ ስድስት አሃዝ በሞላ ቁጥር ስህተት ካለበት ወዲያው ያስታውቃል፣ ሐሙስ የገመትሁትን ሁሉ ሲመልስብኝ ውሏል። የአባ ድረስን አንደኛ ቤት አስገባሁ፣ ተቀበለ። ሁለተኛውን፣ ተቀበለ። ሰባቱንም ተቀበለና የስምንተኛው ቦታ ባዶውን ብልጭ ድርግም እያለ ጠበቀኝ። እመቤት ከኋላዬ ቆማለች። ልጠይቃት አልፈለግሁም፣ የሽማግሌ ቅዠት ተከትሎ ልጁን የሚጠይቅ አባት መሆን አሳፍሮኝ ጥርሴን ነክሼ ዝም አልሁ።

"አራት፣ ባዶ፣ ሰባት፣ ባዶ፣ አምስት፣ አምስት" አለች ቀስ ብላ።

ልብ በሉ፣ የዛሬ ልጅ ዜሮ ነው የሚለው፣ እሷ ግን "ባዶ" አለች። ጣቴ ሳላዘው ጻፈው፣ ኮምፒውተሩም ተከፈተ።

"ማን ነገረሽ?" ብዬ ዞርሁ።

"እርስዎ ነዎት እንጂ አባየ! አሁን ጮክ ብለው አሉት፣ እኔ ደገምሁት።"

"እኔ አፌን አልከፈትሁም።"

"አባየ፣ አያስፈራሩኝ" አለች። ልጄ ስትዋሽ አውቃታለሁ፣ ያን ቀን አልዋሸችም፣ እኔም አልዋሸሁም።

ዘሩ እንደጻፍሁት ተቀምጧል፣ ሁለቱ ወገኖች የሚገናኙት ስምንተኛው ቤት ላይ ነው። እሑድ እሺ አልሁ፣ ተዳረች። ከሠርጉ በኋላ ስሞቹን ላረጋግጥ አባ ድረስ ዘንድ ተመለስሁ፣ "ያኔ ቆጠርሁልህ አይደል?" ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ። እኔ አሁንም አልገባኝም፣ ልጄን በማን ቃል ዳርሁ? በሽማግሌው፣ በማሽኑ፣ ወይስ የእኔን ድምፅ ይዞ በተናገረው?

ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ ፊት ስቀመጥ ግራ እጄን አፌ ላይ አደርጋለሁ፣ ሳቁብኝ ግዴለም። ባለፈው ሳምንት እመቤት ልትጠይቀን መጥታ ጓዳ ከእናቷ ጋር ትጫወት ነበር፣ እኔ እጄ አፌ ላይ እንደሆነ ስጽፍ፣ በሩ ላይ ብቅ አለችና፦

"አቤት አባየ፣ ጠሩኝ?" አለችኝ።