አምስተኛው ቤት

በአዊ አገር ሰው ከሰው ጋር ሲተዋወቅ የሚቀድመው ጥያቄ «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ነው። የራስ ስም እንኳ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ማስተዋልና አስማረ ደግሞ እንጀራቸው ይኸው ጥያቄ ነበር። ከመንደር መንደር እየዞሩ፣ ሽማግሌውንም ባልቴቷንም «አባትዎ ማን ይባላሉ? የአባትዎስ አባት?» እያሉ ይውላሉ። ጉድ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው፤ ዓመት ሙሉ አገሩን ሁሉ ሲጠይቁ፣ እርስ በርስ አልተጠያየቁም።

ሥራውን ይዘው የመጡት ሁለት ካናዳውያን አረጋውያን ናቸው፤ ሚስተር ዋልተርና ባለቤታቸው ሚስስ ኤድና። ጡረታ ሲወጡ ቤተ ክርስቲያናቸው የሰውን የትውልድ ሐረግ እየቀረጹ እንዲያስቀምጡ ላካቸው። የልጅ ልጆቻቸውን ባሕር ማዶ ትተው፣ እንጅባራ ላይ የቀርከሃ አጥር ያለው ቤት ተከራዩ። መጀመሪያ ሰዉ ሃይማኖት ሊያስቀይሩን ነው ብሎ ሸሽቷቸው ነበር። የሚፈልጉት የሙታንን ስም መሆኑን ሲያይ ቀስ በቀስ ቀረባቸው። የባልየው ጆሮ ስለደከመ ሚስትየዋ ሁልጊዜ ተጠግተዋቸው ተቀምጠው እያንዳንዷን ስም ይደግሙላቸዋል፤ ይህን ያየ ሰው ደግሞ ወደዳቸው።

ማስተዋል አስተርጓሚያቸው ነበረች። የእንጅባራ ዙሪያ ገጠር ልጅ ናት፤ አገውኛውን ከቤቷ፣ አማርኛውን ከትምህርት ቤት፣ እንግሊዝኛውን ከዩኒቨርሲቲ ይዛለች።

አስማረን ያገኙት ዳንግላ ላይ ነው። ዝናብ ካሜራቸውን ስላበላሸው መንገድ ዳር ወዳለ ፎቶ ቤት ገቡ። ወጣቱ ባለ ፎቶ ቤት ካሜራውን ፈታትቶ ሲያደርቅ፣ ማስተዋል ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን የሙሽሮች ፎቶ ታያለች።

«ያንተስ የታለ?» አለችው፣ ለራሷም ድፍረቷ እየገረማት።

አስማረ ከእጁ ቀና ብሎ አያት። መልስ ለመስጠት ከሚያስፈልገው በላይ ነው ያያት። «እስካሁን አብራኝ የምትነሣ አላገኘሁም» አላት።

ሚስስ ኤድና አማርኛ አይሰሙም፤ ዓይን ግን አላቸው። ያንኑ ቀን ካሜራውን የሚይዝልን ሰው ያስፈልገናል ብለው ባላቸውን አሳመኑ። አስማረም ፎቶ ቤቱን ለጓደኛው ትቶ ተከተላቸው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ሁለቱ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ ሆነው፣ የከሰል ጭስ በሚያፍነው፣ ለከሰል በተተከለው የዲከረንስ ዛፍ ደን መሐል ያልፋሉ። በገበያ ቀን ወደ ግምጃ ቤት ከተማ በጋሪ ይሄዳሉ። እሷ የሣሩንና የቅጠሉን ስም በአገውኛ ታስተምረዋለች፤ እሱ እየተኮላተፈ ይደግማል፤ ትስቅበታለች። ጉም ሲወርድ ጃኬቱን አውልቆ ይደርብላታል፤ ራሱ እየተንቀጠቀጠ ብርድ የለም ብሎ ይምላል። ሁለቱም ተዋደዋል፤ ሁለቱም ያውቁታል።

አንድ ቀን ከዘንገና ሐይቅ አፋፍ ተቀምጠው ሳለ ማስተዋል ፊቷን ወደ ውኃው መልሳ ተናገረች።

«ጠይቀኝ።»

«ምኑን?»

«የማን ልጅ እንደሆንኩ። አገሩን ሁሉ ስትጠይቅ ትውላለህ።»

አስማረ ጥያቄውን ፈራው። እናቱ የተወለደችው በዚሁ በእንጅባራ ዙሪያ መሆኑን ያውቃል። ሰባት ቤት ሳይሞላ ጋብቻ እንደሌለም ያውቃል። «ነገ እጠይቅሻለሁ» አላት። እሷም «እሺ» አለች፤ ለምን እንዳልጠየቃት ገብቷታልና። ያ ነገ ሳይመጣ ክረምቱ አልፎ በጋው ገባ።

አስማረ ለጋብቻ የላካቸው ሽማግሌዎች በፈረስ ሆነው ከዳንግላ የመጡት በጥር ነው። የማስተዋል አባት ደረሰ ደጅ ወጥቶ ተቀበላቸው። ነገሩን የሚጨርሱት ግን አያቷ አያ ወገኔ ነበሩ። በዚያ ደብር ዘሩን በእሳቸው ሳያስቆጥር የተጋባ ሰው የለም። የማንንም ዘር ከእነ ቅርንጫፉ በቃላቸው ያወርዱታል፤ የራሳቸውን አባቶች ሲቆጥሩማ ዜማ ያለው ነበር የሚመስለው።

ማስተዋል ጓዳ ሆና ሰማች። አያቷ ከእሷ ጀምረው አባቷን ደረሰን፣ ራሳቸውን ወገኔን፣ ዘለቀን፣ ተገኘን፣ አስረስን ቆጠሩ። ከዳንግላ የመጡት ሽማግሌ የአስማረን እናት ወገን ቆጠሩ። አምስተኛው ቤት ላይ አስረስ የሚለው ስም ከእሳቸውም አፍ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ማንም አልቆጠረም። የቀረበው ጠላ ሳይነካ፣ ፈረሶቹም ኮርቻቸው ሳይወርድ ተመለሱ።

ማታውኑ አስማረ ደወለ።

«እህትህ ናት አሉኝ።»

«እኔንም ወንድምሽ ነው አሉኝ።»

ሁለቱም ስልኩን መዝጋት አቃታቸው።

ሚስስ ኤድና ነገሩ ሊገባቸው አልቻለም። በእሳቸው አገር የአምስት ትውልድ ዘመድ መንገድ ላይ ቢያገኙት የማያውቁት ሰው ነው። ሕጉ የማይከለክል ከሆነ ባሕር ዳር ሄዳችሁ በማዘጋጃ ቤት መፈራረም ትችላላችሁ ብለው፣ ልጅቷ እንዳይከፋት እየተጠነቀቁ ነገሯት። ማስተዋል ይህን አስባው ታውቃለች። ብታደርገው አባቷ ሰው መሐል መቀመጥ ይቸግረዋል፤ ልጅ ብትወልድ አያቷ ስሙን ከማን ጋር አድርገው እንደሚቆጥሩት ያጣሉ። ከሁሉ የከፋው ግን ራሷም ነውር መሆኑን ማመኗ ነው። ባታምንበት ኖሮ መሸሹ በቀለላት ነበር።

አስማረ ሥራውን ትቶ ዳንግላ ገባ። እሷ በሥራዋ ቀጠለች። ከሳች፤ ሳቋም ጠፋ። እሑድ እሑድ አያቷን ልትጠይቅ ስትሄድ ግን እንደ ድሮው ጉልበታቸውን ትስማለች፤ ጋቢያቸውን አጥባ ታመጣለች። አንድም ቀን ቅር የሚል ነገር ከአፏ አልወጣም። አያ ወገኔን ያስከፋቸው ይኸው አለመውቀሷ ነበር። ብትወቅሳቸው «ምን ላድርግሽ፣ የአባቶቻችን ሥርዓት ነው» ይሏት ነበር። የማትወቅስን ልጅ ምን ይሏታል?

የፈረንጆቹ መመለሻ ሲቃረብ፣ አያ ወገኔ ራሳቸው ላኩባቸው። እስከዚያ ድረስ በጠየቋቸው ቁጥር «የኔ የትም አይሄድ፤ አስቀድማችሁ የሌላውን ያዙ» እያሉ ሲያዘገዩ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን ኑ አሉ። ካሜራውን ግን ያ የዳንግላው ልጅ ካልያዘ አልናገርም አሉ።

አስማረ መጣ። ማስተዋልን በአንገቱ ሰላምታ ሰጥቶ ካሜራውን ማቆም ጀመረ። ሚስስ ኤድና እንደ ልማዳቸው ባላቸው አጠገብ ተቀመጡ። ደረሰ ከበሩ አጠገብ ቆመ። አያ ወገኔ ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው መደቡ ላይ ሆነው በአገውኛ ጀመሩ። ከዘለቀ ወደ ተገኘ፣ ከተገኘ ወደ አስረስ፣ ከአስረስም ወዲያ ማንም ወደማያስታውሳቸው ሰዎች ሳይደናቀፉ ወጡ። ማስተዋልም እየተከተለች ተረጎመች። ሲጨርሱ ትንፋሽ ወሰዱ።

«እስካሁን የቆጠርኳቸው የዘለቀ አባቶች ናቸው» አሉ። «የኔ አይደሉም።»

ማስተዋል አልተረጎመችም። አፏን ከፍታ አያቷን ታያለች።

«ተርጉሚላቸው።»

«አባባ…»

«ተርጉሚላቸው አልኩሽ፣ ልጄ።»

ተረጎመች። ከዚያም አያ ወገኔ ረጋ ብለው ተናገሩ። በሽታ በገባበት ዘመን፣ ከየት እንደመጣች የማትታወቅ አንዲት ሴት ከግምጃ ቤት ገበያ መልስ መንገድ ላይ ሞታ ተገኘች። ጀርባዋ ላይ የታዘለ ልጅ ነበር። በዚያው ሰሞን የዘለቀ ሚስት ልጇን ቀብራ ነበርና ሕፃኑን አንሥታ ወደ ቤቷ አስገባችው፤ የሟቹንም ስም ሰጠችው። ይህን ለሕፃኑ የነገረችው አርጅታ ልትሞት ስትል ነው። ሕፃኑ ያኔ ጎልማሳ ሆኖ፣ የደብሩ ዘር ቆጣሪ ተብሎ ነበር።

«ወገኔ የሟቹ ስም ነው» አሉ። «ይህን ከሰማሁ ወዲያ፣ በደም ያልመጣልኝን ይበልጥ አጥብቄ በቃሌ ያዝኩት። ማንም የደም ልጅ እንደኔ አላጠናውም፤ ሌላው ቢረሳም ልጅነቱ አይቀርበትማ።»

ደረሰ ከበሩ ፈቀቅ አለ። «አባቴ፣ ለልጅ ብለው ራስዎን አያዋርዱ።»

«ዋሸሁ ትለኛለህ? ውሸቱን ነው ከዚያ ወዲህ ዕድሜዬን ሙሉ ስናገር የኖርኩት። የዘለቀ እኅት፣ እማሆይ፣ በሕይወት አሉ። ትናንት ሄጄ አስፈቅጃቸዋለሁ። ገላህን ያጠብኩህ እኔ ነኝ፤ ተናገር ብለውኛል።»

ሚስተር ዋልተር ማስተዋል የተረጎመችውን ከሚስታቸው ሰምተው መቅረጫውን ለማጥፋት እጃቸውን ዘረጉ። ሰው በሐዘን የተናገረውን ቀርጾ አለማስቀረት ደንባቸው ነው። አያ ወገኔ በእጃቸው ከለከሏቸው። «ተዉት፣ ይቀረጽ» አሉ።

ሽማግሌው ፈረንጅ እንባቸውን ጠርገው፣ እንዲያው ከሆነ በአባትና በእናት ቦታ የማንን ስም እናስገባ ሲሉ በማስተዋል በኩል ጠየቁ።

«አባቴን ዘለቀ በሉት፤ አሳድጎኛል። በቋንቋችሁ ካልጠፋ ግን አሳዳጊ የሚል ቃል ጨምሩበት፤ ይህች ልጅ የምትድነው በዚያ ቃል ነው።» ከዚያም ቀጠሉ። «እናቴ ሌላ ናት። ስሟን አላውቀውም። መልኳንም አላውቀው። ነበረች ብላችሁ ጻፉ።»

ማስተዋል ለዚህ እንግሊዝኛ አላጣችም። ያጣችው ድምፅ ነው። ቤቱ ውስጥ የሁሉም ዓይን እሷ ላይ ነበር። ያን ጊዜ ከካሜራው ጀርባ አስማረ፣ በተሰባበረ የትምህርት ቤት እንግሊዝኛው፣ አያ ወገኔ ያሉትን ለፈረንጆቹ ነገራቸው። አገውኛውን ያስተማረችው እሷ ነበረች።

ነገሩ ያለ ዋጋ አላለፈም። የዘለቀ ወገኖች አኮረፉ። ይኸነው የሚባለው ታላቃቸው፣ ከዘለቀ መቃብር አጠገብ ያለው ቦታ የደም ነው እንጂ የማደጎ አይደለም ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ለጋብቻ ዘር ሊያስቆጥር ወደ አያ ወገኔ ደጅ የሚመጣ ሰው ቀረ። ደረሰም አባቱን ቀና ብሎ ማየት አቅቶት ሰነበተ፤ የሚያኮራውን ስም ሁሉ በአንድ ቀን ስላጣ ሆዱ ብሶታል። እማሆይ ግን በሽማግሌና በቄስ ፊት ቃላቸውን ሰጡ። ቄሱም ያሳደገ አባት አባት መሆኑን፣ ሰባት ቤት ግን በደም እንደሚቆጠር ተናግረው ጋብቻውን ፈቀዱ።

ማስተዋል ደስታዋ ሙሉ አልነበረም። ከአስማረ ጋር ዳግም በተገናኙ ቀን እቅፍ አድርጋው አለቀሰች። «አያቴን ሸጬ ነው ያገኘሁህ» አለችው።

«አልሸጥሽም፤ ሰጡን እንጂ» አላት። «እኛ ምን እንደምንሰጣቸው ነው የማላውቀው።»

ፈረንጆቹ ከመሄዳቸው በፊት የተቀረጸውን ለአያ ወገኔ ወስደው አሰሟቸው። ሽማግሌው የገዛ ድምፃቸውን አቀርቅረው ሰሙ። ሚስስ ኤድና እጃቸውን ይዘው ብዙ ቆዩ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ለማወቅ አስተርጓሚ አላስፈለገም።

ሽማግሌዎቹ ከዳንግላ ዳግም ሲመጡ ፈረሶቻቸው ተራገፉ፤ ገብስም ቀረበላቸው። የሙሽራዋን ዘር ማን ይቁጠር በተባለ ጊዜ ሁሉም አቀረቀረ። አያ ወገኔ ከበሩ አጠገብ፣ እንደ እንግዳ፣ ጥግ ይዘው ተቀምጠው ነበር።

ደረሰ ተነሣ። «ማስተዋል የኔ ልጅ ናት» አለ። «እኔ የወገኔ ልጅ ነኝ።» ከዚያ በላይ አልሄደም። ወደ በሩ ሄዶ አባቱን ክንዳቸውን ይዞ አስነሣቸው፤ ከሽማግሌዎቹ ሁሉ በላይ አስቀመጣቸው።

ማስተዋልና አስማረ ቀርበው ጉልበታቸው ሥር ተደፉ። በዚያ አገር ሽማግሌ ሲመርቅ አባቶቹን እየጠራ ነው። አያ ወገኔ ሁለቱ ራሶች ላይ እጃቸውን ጭነው እንደ ልማዳቸው ሊጠሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ የሚጠሩት ስም ግን አልነበራቸውም።

«እናቴ ትመርቃችሁ» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ከመቀመጫቸው ተነሥተው አሜን አሉ።