ጨው የሌለው ቤት

የሥራነሽ ተዝካር በወጣ ሰሞን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከአማኑኤል ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ የሟቿ ልጅ ሕሊና፣ ጓደኛዋ እስከዳርና አሠልጣኙ ምናለ። ሕሊና ባቷን ይዛ ሣሩ ላይ ተቀምጣለች። ግማሹን መንገድ ስትመራ ቆይታ እግሯ ከድቷት ነበር።

«ይህን ሁሉ ላብ አፍስሰሽ ውሃ ብቻ ነው የምትጠጪው?» አላት ምናለ። «ረጅም ከመሮጥሽ በፊት ቆንጠር አድርገሽ ጨው ጨምሪበት። ውሃውን ሰውነትሽ ውስጥ ያቆይልሻል። እፍኝ ሙሉ ግን እንዳይሆን፣ ያስመልስሻል።»

«ኮች፣ እነሱ ቤት እኮ ጨው የሚልሱት በሬዎቹ ብቻ ናቸው!» ብላ እስከዳር ሳቀች። ወዲያው ግን ከንፈሯን ነከሰች።

እውነቷን ነበር። ሥራነሽን ደም ግፊት ይዟት ሐኪም ጨው ሲከለክላት፣ የሕሊና አባት እንዳላማው «ብቻዋን አትበላም» ብሎ የጨውን ቅል ከጓዳ አውጥቶ በረት ውስጥ ሰቀለው። «እናንተ ደግሞ ምን አጠፋችሁ?» እያለች ትስቅባቸው ነበር። ከተቀበረች በኋላም ጨው ወደ ቤት አልተመለሰም። ጎረቤቶች ለተዝካሩ የሠሩትን ወጥ እንኳ እንዳላማው አልቀመሰም። ቅሉን መልሶ ማስገባት፣ እሷ እንደማትመጣ ማመን ይመስል ነበር።

ነገ ደብረ ማርቆስ ላይ ለዞኑ ቡድን የሚሮጡ ልጆች ይመረጣሉ።

ሲመሽ ሕሊና በረት ገባች። ከጨው ቆንጥራ ኮዳዋ ውስጥ ብትጨምር ማንም አያይም ነበር። ቆም ብላ አሰበች። ከዚያ ቅሉን አውርዳ፣ ደረቷ ላይ አቅፋ ወደ ቤት ገባች።

«ማን አውርጅው አለሽ?» አለ አባቷ።

«ማንም፣ አባዬ። ለነገው ሩጫ…»

«ለሩጫው ብቻ ነው?»

ሽሮው ምድጃው ላይ ይንተከተካል።

«ለወጡም ነው» አለች።

እንዳላማው ወደ ምድጃው ዞረ። «እናትሽ» አለ፣ «ሽሮው ሊወጣ ሲል ነበር የምትጨምረው። ትንሽ ጠብቂ።»

ጠበቀች። ጨመረች። አባቷ አንድ ጉርሻ ጎረሰና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ተመልሶ በላ።

በማግስቱ ማርቆስ ላይ የተመረጡት ሦስት ናቸው። ሕሊና እስከ መጨረሻው ሮጣ አራተኛ ወጣች። ቅሉ ጓዳ ቀረ።