ከግንቡ ማዶ ቦራን ያባበለው

እኔ በመንፈስ ምናምን የማምን ሰው አይደለሁም፣ ፈረስ ሲደነግጥ «ሰይጣን አይቶ ነው» የሚሉኝን ሁሉ ስስቅባቸው የኖርኩ ሴት ነኝ፣ ሥራዬ ራሱ ፈረስን ከሚፈራው ነገር ጋር ማላመድ ነው፣ ፌስታል ይሆናል፣ ጃንጥላ ይሆናል፣ ብቻ ሁልጊዜ የሚታይ ነገር አለው።

የሙሽራ ሠረገላ የሚያከራዩ ጋሽ ተሰማ የሚባሉ ሰው፣ ግንባሩ ነጭ የሆነ ቦራ የሚሉት ፈረሳቸውን እንዳሠለጥንላቸው ጌጃ ሰፈር፣ ቤት ፈርሶ ባዶ የቀረ ሜዳ ላይ ወሰዱኝ። ቦራ መኪና አይፈራ፣ ክላክስ አይፈራ፣ ከፈረሰ ቤት የተረፈች አንዲት አጭር ግንብ ጋ ሲደርስ ግን ላብ በላብ ሆኖ ይንቀጠቀጣል። «እስከሚቀጥለው ሠርግ ካልተስተካከለ ለባለ ጋሪዎች ነው የምሸጠው» አሉኝ፣ ጋሪ ላይ ፈረስ ምን እንደሚሆን ደግሞ እናንተም ታውቃላችሁ።

አመሻሽ ላይ ነው፣ ዝናቡ ገና ማባራቱ። ጋሽ ተሰማ ሊጎትቱት ሲሉ «ይተዉት ጋሼ፣ የፈራ ፈረስ ከጎተቱት ይብስበታል፣ ቆሞ ይየው» አልኳቸው። ትንሽ እናስጠጋዋለን፣ ጆሮው ሲቀሰር እንቆማለን፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ከንፈሩን ሲልስ መለስ እናደርገዋለን፣ እንደገና እናስጠጋዋለን። በመጨረሻ ግንቡ ጋ ደረሰ፣ አንገቱን ወዲያ ማዶ አሻግሮ ዓይኑን ከደነ፣ የታች ከንፈሩ ተንጠለጠለ፣ ፈረስ እንዲህ የሚሆነው የሚወደው ሰው ሲያክለት ነው።

ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ የግንባሩ ፀጉር ሲንቀሳቀስ አየሁ። እመኑኝ፣ ነፋስ የሚባል የለም፣ ፀጉሩ ቀስ እያለ ለሁለት ይከፈላል፣ ይገጥማል፣ ይከፈላል። ከዚያ ከግንቡ ማዶ፣ ሰው ፈረስ ሲያባብል በምላሱ የሚያሰማው ድምፅ መጣ።

«አንቺ ነሽ?» አሉኝ ጋሽ ተሰማ፣ ድምፃቸው ሰልሎ።

«እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ዞሬ ማዶውን አየሁ፣ ጭቃ ብቻ፣ ዱካ እንኳ የለበትም።

ቦራ ከዚያ ወዲያ ምንም አይፈራም፣ የሠርጉንም ሠረገላ ጎተተ፣ ጋሽ ተሰማ ደስ ብሏቸዋል። እኔን ግን ጨነቀኝ፣ ፍርሃት ለፈረስ ጠባቂው ነው፣ እኛ ልክ እናስይዘዋለን እንጂ አናጠፋውም፣ ቦራ ግን አሁን ገልባጭ መኪና አፍንጫው ሥር ሲያጓራ ጆሮውን አያነቃንቅም። ባለፈው ሳምንት፣ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ያለው ጋጣው ገብቼ ፊት ለፊቱ ቆምኩ፣ በስሙ ጠራሁት፣ አላየኝም። የሚያየው ከትከሻዬ በላይ ነበር። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ገለል አለ፣ ሰው ሲገባ ቦታ እንደሚለቀው፣ እኔ ግን ከቆምኩበት ንቅንቅ አላልኩም። በሩ ያለው ከኋላዬ ነው፣ ሌላ መውጫ ደግሞ የለም።